ግራሶ የማይጠጣ መዘውር

ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኜ ሥራ የገባሁ ዕለት የያዝኩት የመሣሪያ ሳጥን የትራክተር ነበር። ውስጡ አሥራ ሰባትና አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻና የግራሶ ፓምፕ አለ። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ሳጥኑን አስከፍቶ አየና "ጋሼ፣ ትራክተሩ የት ላይ ነው የቆመ?" አለኝ። "እቢሮ ውስጥ ነው" አልኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ የምሬን ነበር።

ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በሰሊጥ እርሻዎች ጋራዥ ሠርቻለሁ። በረዳት መካኒክነት ገብቼ ዋና መካኒክ ሆኜ ወጣሁ። ከገንዳ ውሃ እስከ ሽንፋ ባለው ቆላ እጄ ያልነካው ትራክተር ካለ አዲስ የገባ ነው። አንድ ክረምት ግን ዲስክ ማረሻ ስናነሣ ወገቤ ተጎዳና ሐኪም ከባድ ነገር ከለከለኝ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ገንዳ ውሃ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ሦስት ኮምፒውተር መጣለትና የቴክኒክ ሙያ ያለው ሰው ፈለገ። አመለከትኩ። ጎንደር ሄጄ ሦስት ሳምንት ሠለጠንኩ። ስመለስ የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ "የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ በሙከራ" ተብሎ ተጻፈ።

ኃላፊው አቶ ታከለ ችኩል፣ ግን ክፋት የሌለባቸው ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን "ሞላ፣ ያን የሚያህል ሞተር አውርደህ የምትገጥም ሰው ይቺ ታቅትሃለች?" አሉና ወደ ጸሐፊዋ ላኩኝ። የጸሐፊዋ ማውዝ ታማ ነበር።

ጸሐፊዋ ዘውዴ ትባላለች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሰባት ዓመት በታይፕ የሠራች፣ ወረቀቱን ብቻ እያየች በዐሥር ጣቷ የምትጽፍ ሴት ናት። ለሙቀቱ ብላ መስኮቷ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቅላ ነው ያገኘኋት። "ቀስቷ ላይና ታች ትሄዳለች፤ ወደ ጎን ግን በጭራሽ እንቢ ብላለች" አለችኝ። ብልሽትን ይህን ያህል ጥርት አድርጎ የሚነግር ባለ ትራክተር ገጥሞኝ አያውቅም። እነሱ "አልነሣ አለ" ብለው ዝም ነው።

ማውዟን ገለበጥኩ። ሆዷ ላይ ያለውን ክብ ክዳን ሳዞረው ጎማ የለበሰች ኳስ እጄ ላይ ዱብ አለች፤ ከመልኳ ይልቅ ትከብዳለች። ኳሷ የተቀመጠችበት ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። አንደኛው ቀስቷን ላይና ታች ይነዳል፣ ሁለተኛው ወደ ጎን። ወደ ጎን የሚነዳው ዘንግ ላይ የሰሊጥ ገለባ ብናኝና የልብስ ክር ተጠምጥሞ ቀለበት ሠርቷል። በጥፍሬ ፋቅኩት። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

መካኒክ ግን የከፈተውን እስከ መጨረሻው ካላየ አይሆንለትም። ብሎኗን ፈትቼ ሽፋኗን አነሣሁ። በየዘንጉ ጫፍ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል መዘውር አለች፤ ዙሪያዋን እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀች። ጥርስ ነው ብዬ የምትነክሰውን ሌላ ጥርስ ፈለግኩ። የለም። በግራዋ አንዲት ጥቁር ፍሬ፣ በቀኟ ሌላ ጥቁር ፍሬ ቆመዋል። መዘውሯ ሁለቱንም ሳትነካ በመካከላቸው ትዞራለች።

"አንድ ማርሽ ወድቋል" አልኩ። ዘውዴ ወንበሯን ገፍታ ተንበረከከች፤ ዘበኛው ተጠራ፤ ሦስታችንም ጠረጴዛ ሥር ገብተን ያልነበረ ማርሽ ፈለግን። ዘበኛው አንድ የፀጉር ማስያዣ አገኘና "ይኸ ይሁን?" አለኝ።

በመጨረሻ የሥልጠና ደብተሬን አወጣሁ። ጎንደር ላይ ሳይገባኝ የገለበጥኩት መስመር ተገኘ፦ ከአንደኛዋ ፍሬ ዓይን የማያየው ብርሃን ይወጣል፤ መዘውሯ ስትዞር ብርሃኑን ትቆራርጠዋለች፤ ሁለተኛዋ ፍሬ የተቆረጠውን ትቆጥራለች። ቀስቷ የምትሄደው በዚያ ቁጥር ነው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኔ የማውቀው ዓለም ብረት ብረትን የሚገፋበት ነው። ጥርስ ጥርስን ይነክሳል፤ ቺንጋ ይጎትታል፤ ኩሽኔታ ይሞቃል፣ ይጮኻል። እዚህ ግን መዳፌ ላይ ብርሃን የማርሽ ሥራ ይሠራል፤ ሳይነካ፣ ሳይጮህ። ገረመኝ ብል አይበቃም፤ ደነገጥኩ።

"ምን ሁነው ነው ጋሽ ሞላ?" አለች ዘውዴ።

መዘውሯን በጣቴ እያዞርኩ አሳየኋት። "ብርሃን ነው የምትቆጥር" አልኳት።

አጎንብሳ ብዙ አየች። "የማይታይ ብርሃን?" አለች።

"የማይታይ።"

ሁለታችንም ተራ በተራ አዞርናት። ዘበኛው ብቻ አላመነንም።

ከዚያ ጥፋቱን ሠራሁ። እኛ ጋራዥ ውስጥ ሕግ አለ፦ ግራሶ ሳይጠጣ ከግቢ የሚወጣ ማሽን የለም። አዲስ ትራክተር እንኳ ማሳ ከመግባቱ በፊት ነጥቦቹ ሁሉ ግራሶ ይጠጣሉ። ቆላ ነው፤ አቧራውም ሙቀቱም አይምርም። ለዚች ግራሶ ይወፍርባታል ብዬ፣ በረንዳ ላይ ከሚሰፋው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ለመንኩና በየዘንጉ አንድ አንድ ጠብታ አኖርኩ። ገጥሜ ስሰጣት ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ተንሸራተተች። "ቅቤ ሆነች!" አለች ዘውዴ። አቶ ታከለ መጥተው አዩና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው።

በስምንተኛው ቀን ማውዟ ቆመች። እንደ ሥልጠናው በየተራ ሄድኩ። መሰኪያዋ ውስጥ የታጠፈ ሽቦ እንደሌለ አየሁ፤ ነቅዬ መልሼ ሰካሁና ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፤ ገመዷን አንገቷ ላይ እያጠፍኩ ሞከርኩ። ሁሉም ደኅና ነው። ከፍቼ ጠረግኳትና ዘይት ጨመርኩላት። ከዚያ በአምስተኛው ቀን ጨርሳ ሞተች።

አቶ ታከለ አዲስ አስገዙ። የተገዛችው ከሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ነው። ሐጂ ከሱዳን በኩል ዕቃ የሚያስመጡ፣ ከሱቃቸው ጎን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ነጋዴ ናቸው። አዲሷን ከመሰካቴ በፊት በጋራዡ ሕግ መሠረት ዘይት አጠጣኋት። ሁለት ሳምንት አልሞላትም። ሦስተኛዋም እንደዚያው። የሌሎቹ ሁለት ኮምፒውተሮች ማውዞች ግን ደኅና ነበሩ፤ ታመው ስለማያውቁ እኔ እጅ አልገቡም።

ቢሮው ቀልድ ጀመረ። ማውዝ በእንግሊዝኛ አይጥ ነውና ዘውዴን "ድመቷ" አሏት። በኮሪደሩ ስታልፍ "ዛሬስ ስንት በላሽ?" ይሏታል። መጀመሪያ አብራ ሳቀች፤ በኋላ መሳቋን ተወች። እኔም አንድ ሁለት ቀን ስቄያለሁ።

አቶ ታከለ ጠሩኝ። "ሦስት ማውዝ በአንድ ሰው እጅ! የሌሎቹ ለምን አይሞትም?" አሉ። "አላወቅኩትም" ማለት ነበረብኝ። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ግን አላወቅኩም ማለት ያስፈራዋል። መዘውሮቹ ላይ ቅባት የያዘ እድፍ አይቻለሁ። ዘውዴ ደግሞ ፀጉሯን ከርከር ትቀባለች፤ የከተማችን ሴቶች የሚወዱት የሱዳን ቅባት ነው። ሁለቱን ገጣጠምኩና ወረቀት ላይ እንዲህ አሰፈርኩ፦ "በማውዞቹ መዘውር ላይ ቅባታማ እድፍ ተገኝቷል። ምክንያቱ ከተጠቃሚዋ እጅ የሚተላለፍ ቅባት ነው።" ፈረምኩ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሷን አንድ ቃል አልጠየቅኋትም።

በሳምንቱ ዘበኛው በር ላይ ያዘኝ። "ጋሽ ሞላ፣ ዘውዴን ሽንፋ ሊልኳት ነው አሉ። እመዝገብ ቤት፣ ኮምፒውተር እሌለበት።"

"ታዲያ ሽንፋ ምን አለው?" አልኩት።

"ሽንፋሳ ደኅና አገር ነው። እናቷሳ?"

እናቷ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን ያን ጊዜ ሰማሁ። መርፌያቸው በዚህ ሙቀት ከፍሪጅ ውጭ አይውልም። የጤና ጣቢያው ሰዎች ፍሪጃቸው ውስጥ ያስቀምጡላታል፤ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ዘውዴ ራሷ እናቷን ይዛ ሄዳ ትወጋቸዋለች። ሽንፋ ፍሪጅ ያለው ሰው አታውቅም። ትታቸው ብትሄድ ደግሞ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ዘበኛው ይህን ሁሉ ነግሮኝ ሲያበቃ ፊቴን አላየኝም፤ አስተያየቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ያውቅ ነበር።

ወደ ክፍሏ ገባሁ። ምን እንደምላት አላውቅም፤ ሰበቤ የሞተችውን ማውዝ መውሰድ ነው። ማውዟ በፌስታል ተጠቅልላ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች። ከተነቀለች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ጠረጴዛው ላይ ግን ገና የታተመ ደብዳቤ ተከምሯል፤ ቀኑን አየሁ፣ የዚያው ሳምንት ነው።

"በምንድን ነው የምትሠሪ?" አልኳት።

"በጣቴ ነዋ።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

አሳየችኝ። አንድ ቁልፍ ስትነካ ከላይ ያለው ዝርዝር ነቃ፤ አንድ ፊደል ስትነካ ተዘረጋ፤ ሌላ ፊደል ስትነካ ፋይሉ ተከፈተ። ቃል መረጠች፣ አደመቀች፣ አንቀጽ ቆርጣ ሌላ ቦታ ለጠፈች፣ አስቀመጠች። አታሚው ማጉረምረም ጀመረ። እጇ ከኪቦርዱ አልተነሣም፤ ዓይኗም ወደ ጣቷ አልወረደም። ማውዝ ካላቸው ሁለቱ የሒሳብ ሠራተኞች ትፈጥናለች።

"ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። እዚህ ላይ አንዷ ፊደል ከሥሯ ተሰምሮባታል፣ አዩ? በየቃሉ ላይ አንድ አንድ አለች። እንዲያው በከንቱ አይሰመርም ብዬ አንድ በአንድ ሞከርኩት።"

ከመሳቢያዋ የተማሪ ደብተር አወጣች። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ገጽ በገጽ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፋለች። ሞክራ ያልሠራላትንም በቀይ ጽፋለች። እኔ ጎንደር ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ያቺን መስመር በየቀኑ አይቻታለሁ፤ ለምን እንደተሰመረች አልጠየቅኩም። መዘውሯን ያየሁ ዕለት የያዘኝ ድንጋጤ እንደገና ያዘኝ፤ ይህኛው ግን ባሰ። ያችን መዘውር የሠራት ሰው በሩቅ አገር ያለ ነው። ይህን የሠራችው ግን በየቀኑ ደኅና አደርሽ የምላት ሴት ናት።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ደብዳቤው የራሷ የዝውውር ደብዳቤ ነው። "በባለሙያ በተረጋገጠው መሠረት" ይላል፤ "ወደ ሽንፋ ተዛውረው እንዲሠሩ" ይላል። ኅዳጉ ልክ፣ ነጥቡ ልክ።

"ራስሽ እንድትጽፊው ሰጡሽ?"

"ሌላ ጸሐፊ የለማ" አለች። ቀጥላ ኪቦርዱን ወደ እኔ አዞረችው። "ጋሽ ሞላ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቅባቱ ከእጄ ከሆነ ይኸ ለምን ንጹሕ ሆነ? ማውዟን አልፎ አልፎ ነው የምነካት። ይኸን ግን ቀኑን ሙሉ ስደበድበው ነው የምውል።"

ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አስኬድኩ። ደረቅ አቧራ ብቻ ነው። የእጇን ነገር ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የጣቶቿ ጫፍ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ሁለተኛዋ ስትሞት እጅሽ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሦስተኛዋን በሳሙና ሳልታጠብ ነክቻት አላውቅም። እሷም ሞተች።"

ፌስታሉን ፈታሁ። ማውዟን ከፍቼ አሸተትኩ። ከርከር የብርቱካን ልጣጭና የቅርንፉድ ሽታ አለው፤ አልፎ የሚሄድ ሰው ላይ ሳይቀር ይታወቃል። ይህ እሱ አይደለም። ይህ የማሽን ዘይት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ከልብሴ ያልለቀቀ የሽታ ዓይነት።

"ዘይቱ የእኔ ነው" አልኩ። "ሳንጠባጥብ አይተሽኛል?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ትራክተር የሚያስነሣ ሰው በዘይት ይሳሳታል ብዬ እንዴት ላስብ?" አለች።

ማውዟን ይዤ በቀጥታ ሐጂ ኢድሪስ ዘንድ ሄድኩ። የፎቶ ኮፒ ቤታቸው ማውዝ ከዚያው ካርቶን የወጣች ናት፤ ዓመት አልፏታል፣ ትሠራለች። "ሐጂ፣ ይቺን ምን ይቀቧታል?" አልኳቸው።

"ወላሂ ምንም። ስትቆሽሽ ጥጥ በአልኮል ነክሬ እጠርጋታለሁ፣ በቃ።" የእኔን አገላብጠው አዩና ቅንድባቸውን ሰቀሉ። "ሞላ፣ ይቺን ማን ጠበሳት?"

ፊታቸው ላይ ነው የገለጥኳት። ዘይቱ አቧራውን አቡክቶ ጭቃ አድርጎታል። ጭቃው ዘንጉን ተከትሎ እስከ መዘውሯ ሄዶ ስንጥቆቿን አንድ በአንድ ደፍኗል። ብርሃኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልቀረም። ያን ያህል አስደንቆኝ የነበረውን ነገር በገዛ እጄ ደፍኜዋለሁ። ሐጂ ጥጥና አልኮል ሰጡኝ፤ እየነከርኩ ጠረግኳት። ኳሷን በሳሙና አጥበን ፀሐይ ላይ አደረቅናት። ኮምፒውተራቸው ላይ ስንሰካት ቀስቷ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ ሄደች። ሐጂ "አላሁ አክበር" አሉ፤ እኔም በልቤ የራሴን ጸሎት አደረስኩ።

ስመለስ የዝውውሩ ደብዳቤ አቶ ታከለ ፊት ለፊርማ ቀርቧል። እስክሪብቷቸው እጃቸው ላይ ነው።

"አቶ ታከለ፣ የሰጠሁት አስተያየት ስሕተት ነው። ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "በፊርማህ ያልከውን በቃል አታነሣውም። በጽሑፍ አምጣ። ግን እወቀው፣ ማኅደርህ ውስጥ ይገባል፤ ሙከራህም ገና አላለቀም።"

ወጣሁ። አልዋሽም፣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆሜያለሁ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ወገቤም ወደ ጋራዥ አይመልሰኝም። ከዚያ የዘውዴን በር አንኳኳሁ፤ በቢሮው ደብዳቤ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም።

"ጻፊልኝ" አልኳት።

የጠገንኳትን ማውዝ ልሰካላት ስል "ይተዉት፣ አያስፈልግም" አለችና ዐሥር ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቅባቱ እኔ ያለ አግባብ የጨመርኩት የስፌት መኪና ዘይት መሆኑን አልኩ፤ ጻፈች። ሦስቱም ማውዞች የተበላሹት በእኔ እጅ መሆኑን አልኩ፤ ጻፈች። "አስተያየቱንም የሰጠሁት ተጠቃሚዋን ሳልጠይቅ ነው" ስል ጣቶቿ ቆሙ።

"ጋሽ ሞላ፣ 'በልምድ ማነስ' ብንለው አይሻልም? ለማኅደርዎ ይሻላል።"

"'ሳልጠይቅ' በይ።"

ጻፈችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእኔም። አታሚው ወረቀቱን ሲያወጣ ኅዳጉ እንደ ዝውውሯ ደብዳቤ ቀጥ ያለ ነበር።

አቶ ታከለ ሁለት ጊዜ አነበቡት። የዝውውሩን ደብዳቤ አንሥተው ለሁለት ቀደዱት። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የሦስት ወር ተጨማሪ ሙከራ ሰጡኝ፤ እሱንም የጻፈችው ዘውዴ ናት። አንድ ፊደል አልሳተችም።

የዘይቱን ጠርሙስ ለልብስ ሰፊው መለስኩ። ማውዟ ባለ ኳሶቹ ከገበያ እስኪጠፉ ድረስ ሠርታለች፤ ዘውዴ ግን ብዙም አልነካቻትም። እናቷ ብዙ ዓመት መርፌያቸውን ከዚያው ፍሪጅ ተወጉ። ደብተሯን ለምኜ ገለበጥኩት፤ ከእኔ በኋላ የመጣ ጠጋኝ ሁሉ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነበር። ዛሬ ማውዞቹ ኳስ የላቸውም፤ ሆዳቸው ሥር ቀይ ብርሃን ይበራል። አሁንም አዲስ ማውዝ ሳገኝ ገልብጬ ሳላይ አላልፍም።

ማውዝ ውስጥ ዘይት አይገባም። ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ እናንተ የነካችሁትን መርምሩ። ሰውየውን ሳትጠይቁ በሰው ላይ አትፈርሙ።